የጋሽ እንከን ጆሮ

ጋሽ እንከን በሰንጢ ሥራ ቤቱ መርማሪ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቀመጡ ከአፋቸው «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ሲወጣ የሰማ ሰው የለም። «እኔ ሰምቻለሁ» የሚል አንድ የእጀታ አጥንት ቆራጭ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ግን ጋሽ እንከን ጥሩ ነው ያሉት ሰንጢውን ሳይሆን የዕለቱን አየር ሆኖ ተገኘ፤ እሱንም ከሰዓት በኋላ ሲዘንብ ቃላቸውን አንስተዋል።

እንከን ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ከበር መቀርቀሪያ ጀምሮ እስከ ሰው ጥርስ ድረስ ባዩት ነገር ሁሉ እንከን ስለሚያወጡ ስሙ እንደ ዝገት ቀስ ብሎ ያዛቸው። ፊት ለፊት ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ «ጋሽ እንከን» ይሆናሉ። እሳቸውም ያውቃሉ። የሚያናድዳቸው ስሙ ሳይሆን ለማውጣት አራት ዓመት መፍጀቱ ነው። «ቅጽል ስም ለማውጣት አራት ዓመት የፈጀ ሠራተኛ» ይላሉ፣ «ሰንጢ በምን ቀኑ ይገጥማል?»

ቦታቸው ትልቁ መስኮት ሥር ነው። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጥፏል፤ በላዩ እጀታው በክር የተጠመጠመ ማጉያ መነጽር፣ አንድ እስክሪብቶና በሽቦ የተሰካ የቀይ ወረቀት ክምር አለ። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ካርቶን አለ። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ደንበኞች የመለሷቸው ሰንጢዎች ናቸው፤ ሁሉም የተመለሱት በአንድ ቅሬታ ነው፤ «ስለት አይዝም» በሚል። ጋሽ እንከን ሁለት ሦስቱን ገና ዱሮ አየት አድርገዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያውቋቸው በእግራቸው ነው።

«ደንበኛ ማለት» ይላሉ ተረከዛቸውን ካርቶኑ ላይ እያደላደሉ፣ «በሰንጢ ምስማር ነቅሎ፣ ሽቦ ቆርጦ፣ የግድግዳ ቀለም ፍቆ፣ ከዚያ ዳቦ አልቆርጥ አለኝ ብሎ የሚያለቅስ ፍጡር ነው።»

ሥራ ቤቱ የሚያወጣው አንድ ዓይነት ሰንጢ ብቻ ነው። ትልቅ ስለት፣ ትንሽ ስለትና ወስፌ ያለው። ሦስቱ በአንድ የአጥንት እጀታ ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ እንደሚያድሩ ወንድማማቾች ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ ጋሽ እንከን እንደሚሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ እየተራገጡ። ጠዋት ጠዋት ገጣጣሚዎቹ የጨረሱትን በትሪ ያቀርቡላቸዋል። እሳቸውም አንዱን ያነሱና ጀርባውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ስለቶቹን ወጥሮ በሚይዘው ሞላና ከጎኑ ባለው ነሐስ መካከል የጸጉር ያህል ብርሃን ካለፈ ያ ሰንጢ አለቀለት።

«ይሄ ሰንጢ ነው ወይስ ወንፊት?»

ከዚያ ትልቁን ስለት ይከፍቱና ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይነቀንቁታል። ከተነቃነቀ፣ «የአያቴ የመጨረሻ ጥርስ ከዚህ ይሻል ነበር» ይላሉ። ትንሹ ስለት ትልቁን እየፈተገ ጭረት ካበጀበት ደግሞ፣ «ዘመዳሞች ናቸው መሰለኝ፤ አንድ ቤት አልቻሉም» ይላሉ። አውራ ጣታቸውን በጀርባው ላይ ያሳልፋሉ፤ ስለቱ ሲከፈት ሞላው ብቅ የሚል ከሆነ፣ «ጎብጧል፤ ሠሪው ቀና ብሎ ስለማያውቅ ነው።» ችንካሩ የገባበት አጥንት ተሰንጥቆ ስንጥቁ በሰም ከተደፈነም በጥፍራቸው ፈልቅቀው ያወጡትና ሰሙን ለባለቤቱ ይመልሱለታል። «እንካ፤ ለሻማ ይሆንሃል።»

ይህን ሁሉ ያለፈ ሰንጢ ገና አላለፈም። የመጨረሻው ዳኛ የጋሽ እንከን ቀኝ ጆሮ ነው። ትልቁን ስለት ጆሯቸው ሥር ይይዙና ለቀቅ ያደርጉታል። ስለቱ ሲዘጋ «ቋ!» ማለት አለበት። እንደ በር፣ እንደ ጥፊ። «ቋ!» ካለ ምንም ሳይናገሩ ወደ ግራ ያስቀምጡታል፤ እዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። «ጭብ» ካለ ቀይ ወረቀት ይታሰርበታል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ቀይ ወረቀት ያገኘ ሰው ደግሞ ሞርሳውንና ሞረዱን አስረክቦ በበሩ ይወጣል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ የወጡ አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ጋሽ እንከን ሁሉንም ያስታውሷቸዋል፤ በስማቸው ሳይሆን በጥፋታቸው።

ይህን ድምፅ የተማሩት ከራሳቸው ሰንጢ ነው። በሃያ አራት ዓመታቸው፣ ገጣጣሚ ሳሉ፣ በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። ሲዘጋ ግቢው ውስጥ ያለች ወፍ ትነሳለች። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ሙሉ በድንጋይ ይስሉታል። ተስሎ ተስሎ ስለቱ የሽንኩርት ቅጠል አክሏል። በዚህ ይኮራሉ። «እንደ እናንተ» ይላሉ፣ «ፊቴን ታጥቤ ብቻ ሥራ አልገባም። ስለት ቀን በቀን ካልሳሉት ይደነዝዛል። ሰውም እንደዚያው፤ ለዚህ ግን ማስረጃው ዙሪያዬን ሞልቷል።» ሌላው ሰው ሰንጢውን በየወሩ ሲስል እሳቸው ለምን በየቀኑ እንደሚስሉ የጠየቃቸው የለም። ትጋት ነው ተብሎ ታልፏል።

የገጣጣሚዎቹ አለቃ «ልክ-ነው» ይባላል። ጋሽ እንከን የተናገሩት ምንም ይሁን ምን መልሱ «ልክ ነው ጋሼ» ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ጋሽ እንከን፣ «አንተ እኮ ሞኝ ነህ» ቢሉት «ልክ ነው ጋሼ» ብሎ ሥራውን ቀጥሏል። ሰውየው አለቃ የሆነው የሥራ ቤቱ ባለቤት የእትዬ እህት ባል ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልገው ያጡት ብዙ ናቸው።

ከዚያ ደግሞ አዲሷ አለች። ከተዘጋ ሌላ ሥራ ቤት ከመጣች ስምንት ወር ቢሆናትም ስሟ አሁንም አዲሷ ነው። ረጅም፣ እጀ ትልቅ፣ ሳትጠየቅ የማትናገር ሴት ናት። በዚህ ወር ሁለት ቀይ ወረቀት አግኝታለች፤ ሁለቱም ላይ የተጻፈው «አይጮህም» ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ እንከን ከትሪው የእሷን ሰንጢ አነሱ። ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ ብርሃን አላለፈም። ነቀነቁት፤ አልተነቃነቀም። ሦስቱን በየተራ ከፍተው ዘጉ፤ ስለቶቹ እንደ ጨዋ ጎረቤት ሳይነካኩ ተላለፉ። ጀርባው ላይ ጣታቸውን ቢያሳልፉ ውሃ ላይ ያሳለፉ ያህል ሆነ። ማጉያውን አንስተው ችንካሮቹን አንድ በአንድ አዩ። ምንም የለም። ጋሽ እንከን ተቆጡ። እንከን የሌለው ሰንጢ እንደ ስድብ ነው፤ ሠሪው «አንተ አታስፈልግም» ያለ ይመስላል።

ጆሯቸው ሥር አድርገው ለቀቁት።

«ጭብ።»

ፊታቸው በራ። እስክሪብቷቸውን አንስተው ቀይ ወረቀት ላይ «አይጮህም። ይመለስ።» ብለው ጻፉና ተጣሩ።

«አዲሷ!»

እጇን በሽርጧ እየጠራረገች መጣች። «አቤት ጋሼ።»

«ይሄን የገጠመው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዛሬስ ሌላ ሰው ቢሆን በወደድኩ፤ ግን እኔ ነኝ።»

«አይጮህም።»

«አዎ፣ አይጮህም።»

ጋሽ እንከን ልመና ጠብቀው ነበር። አሥራ አንዱም ለምነዋል፤ አንዱ እንዲያውም አልቅሷል፤ እንባው ሞርሳው ላይ ወርዶ ያዝገዋል ብለው ገሥጸውታል።

«አዎ ነው የምትዪኝ?»

«ይጩህ ብዬ አልሠራሁትማ። ጋሼ፣ ሰንጢ ለመቁረጥ ነው ወይስ ለመጣራት?»

ከገጣጣሚዎቹ አግዳሚ የሞረድ ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋ። ልክ-ነው እየሮጠ መጣ።

«አንቺ! አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ! ጋሼን ነው እንዲህ የምትዪው?»

«ተዋት» አሉ ጋሽ እንከን፤ ሲንቁ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «ሦስተኛሽ ነው፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ታናሽ እህቴ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ነው የቀራት፤ ከዚህ ብወጣ ምን እንደሚከተል ለእኔ አይነገርም። ቢሆንም ሰባት ወር እንደ ሌላው ሠርቻለሁ፤ ከእንግዲህ ሰንጢ አበላሽቼ አልቀመጥም።»

«አበላሺ ያለሽ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

አሻጊዋ፣ ሰንጢዎቹን በዘይት ወረቀት የምትጠቀልለው ከንፈረ ቀይ ሴት፣ ጥቅልሏን እንደያዘች ከማሸጊያ ክፍሉ በር ላይ ብቅ አለች። እንዲህ ያለውን ነገር በግድግዳ መስማት በቂ አይደለም።

አዲሷ ካለፉት ሰንጢዎች መካከል አንዱን አንስታ ትልቁን ስለት ከፈተች። «እዚህ የገባሁ ቀን አለቃው መጀመሪያ ያሳየኝ መጸዳጃ ቤቱን ነው፤ ቀጥሎ ይቺን ነው።» ጣቷን ስለቱ ሥር ባለች ትንሽ እብጠት ላይ አደረገች። «ተረከዟ ይቺ ናት። ስለቱ ሲዘጋ ሞላው ላይ የምታርፈው እሷ ናት፤ ስለቱ ራሱ ምንም ሳይነካ አየር ላይ ይቀራል። እዚህ ቤት ግን ሁሉም ተረከዟን በሞረድ ይበላታል። ያኔ ስለቱ ጠልቆ ይወርድና ሞላውን በአፉ ይመታዋል። ቋ! ይላል። ጋሼም ደስ ይላቸዋል። ሰንጢው ግን በተዘጋ ቁጥር ራሱን ያደነዝዛል።»

ጋሽ እንከን ወደ ልክ-ነው ዞሩ። «ምንድነው የምታወራው?»

«ውሸቷን ነው ጋሼ! ማለቴ... ብዙም አይደለም። ትንሽ ነካ ነው የምናደርጋት። ለጆሮዎ ብለን ነው።»

«ለጆሮዬ?»

«ልክ ነው ጋሼ።»

በዚህ መሐል እትዬ ገቡ። እትዬ ሥራ ቤቱን ያቋቋመው የሟቹ ሰውዬ ሚስት ናቸው፤ ስለ ሰንጢ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ይህንንም አይደብቁም። በእጃቸው በክር የታሰረ ጥቅል ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ሰባት ተመለሰ» አሉ። «ስለት አይዝም ይላሉ። ደግሞ እነዚህ ሰዎች ለምን ሥራ ፈትተዋል?»

«የደንበኛ ወሬ ነው» አሉ ጋሽ እንከን። «ካርቶኑ ውስጥ ይጨመር።»

አሻጊዋ አላስቻላትም። «እትዬ፣ አዲሷ ሰንጢዎቹ ራሳቸውን ይነክሳሉ እያለች ነው!»

እትዬ ጥቅሉን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አኖሩ። ወደ አዲሷ አዩ። «ማሳየት ትችያለሽ? ንግግር አይገባኝም፤ የማየው ነገር ይገባኛል።»

አዲሷ ዙሪያዋን አማተረች፤ ዓይኗ አሻጊዋ ከንፈር ላይ ቆመ።

«ሊፕስቲክሽን አበድሪኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ስለት ልቀባበት።»

«ወይ ጉዴ! ከዚያ ወዲያ እኔ ልቀባው?» አለች አሻጊዋ፤ ግን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። እንዲህ ያለ ነገር ከሊፕስቲክ ይበልጣል።

አዲሷ ያነሳችውን ሰንጢ ትልቅ ስለት ከጫፍ እስከ ሥር በቀዩ ቀባችው። ጋሽ እንከን እንደሚያደርጉት ለቀቅ አደረገችው፤ «ቋ!» አለ። መልሳ ከፍታ ውስጡን ወደ መስኮቱ አቀናች። ሞላው ላይ፣ ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀይ መስመር ተጋድሟል። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሳመው» አሉ።

«ሳመው እትዬ። ሲስመው ግን በጥርሱ ነው።»

ቀጥሎ የራሷን ቀብታ ለቀቀችው። «ጭብ» አለ። ሞላው እንደነበረ ነው፤ ንጹሕ። ከትሪው ሌላ አነሳች፤ ቀይ። ሌላ፤ ቀይ። ከተመለሱት ሰባት አንዱን፤ ቀይ፤ ያውም ስለቱ ላይ በዚያው ቦታ የሩዝ ፍሬ የምታህል ዶልዷማ ነገር ትብለጨለጫለች። ልክ-ነው በራሱ እጅ የሠራውን አምጥቶ፣ «የእኔ እንኳ ደህና ነው» አለና ሞከረው። የእሱ በሁለት ቦታ ነው የሳመው።

ጋሽ እንከን በወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ደገፍ ብለው ይህን ሁሉ አዩ። ከንፈራቸው በአንድ ጎኑ ተነሥቷል፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ያን ከንፈር ሲያዩ የያዙትን ነገር ያስቀምጡና ይሄዳሉ። ለጋሽ እንከን ግን የታያቸው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ የነዚህ የደናቁርት ሥራ ነው። ጆሮ ምን አጠፋ? ጆሯቸው የጠየቀው የደህና ሰንጢ ድምፅ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ድምፁን በአቋራጭ ሰረቁት። እውነተኛው ድምፅ ምን እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ሰንጢ በዓለም ላይ አለ፤ ያለውም ኪሳቸው ውስጥ ነው።

አወጡትና ጨርቁ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን ሞክሪው» አሉ። «ያኔ ቀለምሽ ያፍራል።»

አዲሷ ሰንጢውን አላነሳችውም። የተበላውን ስለት አየች፣ ድንጋዩን አየች፣ ከዚያ ጋሽ እንከንን አየች። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ድል አይደለም፤ ጋሽ እንከን በኋላ ሲያስቡት ያናደዳቸውም ይሄው ነው።

«ይቅር ጋሼ» አለች በቀስታ።

«ሞክሪው አልኩሽ!»

«የእርስዎ ይቅር። የእኔን ወረቀት ብቻ...»

«ፈራሽ?»

«እኔ አይደለሁም የምፈራው» አለችና አነሳችው። ቀባችው። ለቀቀችው።

«ቋ!»

ከሁሉም በላይ ጮኸ። ግቢው ውስጥ ወፏ ተነሳች። አዲሷ ከፍታ አየች፤ ለማንም አላሳየችም፤ እንደተከፈተ ወደ ጋሽ እንከን ገፋ አደረገችው። እሳቸው ማጉያውን አንስተው አጎነበሱ። ቀይ ነው። ከቀዩ ሥር ደግሞ ሞላው ራሱ ተቦርቡሯል፤ ሰው ሲመላለስበት እንደኖረ የደረጃ ድንጋይ መሐሉ ጎድጉዷል። ስለቱ ላይ፣ ዛሬ ጠዋት ግማሽ ሰዓት የተሳለው ስለት ላይ፣ ያቺ የሩዝ ፍሬ ቁጭ ብላለች።

ጋሽ እንከን ቀና ብለው ማጉያውን በመሐረባቸው ጠረጉ።

«ቀለሙ ነው» አሉ። «ርካሽ ቀለም ይፈስሳል።»

«ርካሽ?» አሻጊዋ ጥቅልሏን ጣለች። «ጋሼ፣ የፈለጉትን ይበሉ! ይሄ ቀለም ሻይ ጠጥቼበት፣ በልቼበት፣ አልቅሼበት ሳይለቅ ሠርግ አድሮ የተመለሰ ቀለም ነው!»

የሳቀው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ ስለዚህ ሁሉም ሳቁ። እትዬ አልሳቁም።

«ጋሼ» አሉ፣ «ሕጉንም ያወጡት እርስዎ፣ ወረቀቱንም የጻፉት እርስዎ። ይቺ ልጅ ትውጣ ወይስ ትቀመጥ? እኔ አልወስንም፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ ‹እሱ ያለውን› ይለኝ ነበር። የሚሉትን ይበሉኝ።»

ጋሽ እንከን ቀዩን ወረቀት በእጃቸው ይዘውታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የጻፉትን ቀይ ወረቀት ቀደው አያውቁም።

«ነገ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ወደ ሞረዱ ተመለሰ፤ ልክ-ነው የማንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ «ተረከዟን እንዳትነኩ! ስንት ጊዜ ነው የምነግራችሁ?» እያለ ሲጮህ ተሰማ። ጋሽ እንከን እግራቸውን ከካርቶኑ ላይ አነሱ፤ ካርቶኑን በእግራቸው ስበው አወጡትና የላይኛውን ሰንጢ አነሱ። ስለቱን በማጉያው አዩ። የሩዝ ፍሬ። ቀጣዩን አነሱ። የሩዝ ፍሬ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያሉ እስከ ካርቶኑ ወለል ድረስ ወረዱ። ሁሉም በአንድ ቦታ ነው የተነከሱት። አንድም ሰው ምስማር አልነቀለባቸውም፤ ሽቦ አልቆረጠባቸውም። ዳቦ ሊቆርጡባቸው የሞከሩ ሰዎች ናቸው የመለሷቸው። ደንበኛ ማለት፣ ለካ፣ እውነት የሚናገርም ይገኝበታል። ይህ ሐሳብ እንደ ጎምዛዛ ነገር አፋቸውን አጣመመው።

ከዚያ ሳይፈልጉት አሥራ አንዱ መጡባቸው። አንዱ ሞላ ይሰነጥቅ ነበር። አንዱ ስለት እያጣመመ ይገጥም ነበር። ሁለቱ ሰም ይደፍኑ ነበር። እነዚያ እንኳን ወጡ፤ ዛሬም ቢመጡ ያስወጧቸዋል። አራቱ ግን፣ አራቱ የወጡት ጥፋታቸው «አይጮህም» ተብሎ ነው። ከአራቱ ያ ያለቀሰው ይገኝበታል። የእሱ ሰንጢ ብርሃን አያሳልፍም ነበር፤ አይነቃነቅም ነበር። እንባው ሞርሳውን አላዛገውም፤ ሞርሳው አሁንም እዚያው ነው፣ አዲሷ እየሠራችበት።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላል ሰው። ጋሽ እንከን ይህን ተረት ለስንቱ ተርተውታል።

በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር የድንጋይ ድምፅ አልነበረም። አዲሷ ስትገባ ሞርሳዋ መንጋጋ ውስጥ አንድ ነገር ታስሮ አገኘች፤ የሽንኩርት ቅጠል የሚያህል ስለት ያለው ሰንጢ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ወረቀት ተንጠልጥሎበት። ጽሕፈቱ የጋሽ እንከን ነው፤ ተቆጥተው ሲጽፉ ፊደላቸው ይተልቃል።

«ትልቁ ስለት ሞላውን ይመታል። ሠሪው ደነዝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲስለው ኖሮ ምክንያቱን ያልጠየቀው ሰውዬም ከእሱ አይሻልም። ይመለስ።»

ከሥሩ ሌላ ወረቀት አለ፤ የትናንቱ፣ የራሷ። «አይጮህም። ይመለስ።» የሚለው በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል። ከጎኑ እዚያ ቤት ማንም አይቶት የማያውቅ ቃል ተጽፏል፤ «ይለፍ።» ከዚያ እጁ አላስችል ያለው ሰው የጨመራት ትታያለች፤ «የእጀታው አጥንት ቀለም ግን የታመመ ሰው ጥፍር ይመስላል።»

አዲሷ ወደ መስኮቱ ቀና አለች። ጋሽ እንከን አንድ ሰንጢ ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ከእሱ በቀር ዓለም ላይ ምንም እንደሌለ ሆነው ተቀምጠዋል። ሰንጢውን በግልባጩ ነበር የያዙት።

ተረከዟ ላይ የሚጨመር ብረት የለም፤ የተሞረደ ነገር አይመለስም። ስለዚህ አዲሷ በትንሿ መዶሻ ጠርዟን ቀስ እያደረገች ቀጠቀጠቻት፤ ብረቱ ሳስቶ ወደ ውጭ እስኪወጣ፣ የወረቀት ውፍረት ያህል እስኪነሳ ድረስ። ከዚያ ያቺን የሩዝ ፍሬ በድንጋይ አጠፋቻት። ወደ እኩለ ቀን ገደማ አምጥታ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ እንከን ጆሯቸው ሥር ለቀቁት።

«ጭብ።»

በግራ ጆሯቸውም ሞከሩት። «ጭብ።»

«ይሄ ምን ድምፅ ነው?» አሉ። «ድመት ምንጣፍ ላይ የወደቀች ይመስላል።»

«ይመለስ እንዴ ጋሼ?»

«ቆይ እስቲ» አሉና ኪሳቸው ከተቱት። አዲሷ ዞር ስትል ግን፣ «አንቺ» አሉ። «ያ አንቺ የምትሠሪበት ሞርሳ የነበረው ሰውዬ... የት እንዳለ የሚያውቅ ይኖር ይሆን?»

«አለቃውን ልጠይቅልዎ?»

«አለቃው የገዛ አፍንጫው የት እንዳለ አያውቅም። እኔው እፈልገዋለሁ።»

በሳምንቱ ሥራ ቤቱ ጸጥ አለ፤ በጣም ጸጥ አለ። ጋሽ እንከን አንዱን ሰንጢ ዘግተው ምንም ድምፅ ቢያጡ ስለቱን ከፍተው በማጉያው አዩ። ሞላው ላይ የዘይት ወረቀት ቁራጭ ተለጥፏል። ልክ-ነው ለሰው ሁሉ፣ «ጋሼ አሁን ዝምታ ነው የሚወዱት» ብሎ አስተምሯል። ጋሽ እንከን ወረቀቱን በጥፍራቸው ፈልቅቀው አወጡና ለባለቤቱ መለሱለት። «እንካ፤ ደብዳቤ ጻፍበት።» ያን ቀን ከጆሯቸው ጋር ተለያዩ፤ ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ከአንዲት መደብር ገብተው ሊፕስቲክ ጠየቁ።

«ለባለቤትዎ ነው?» አለቻቸው ሻጯ።

«ለሰንጢ ነው።»

ሻጯ ሦስት ዓይነት ቀይ ደረደረችላቸው። ጋሽ እንከን ሦስቱንም ወደ መብራቱ አቀኑ፣ በጣታቸው አሻሹ፣ አሸተቱ፣ የሁሉንም እንከን ነገሯት፣ ከሦስቱ የማይፈሰውን ይዘው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ከሁሉ ቀድመው ገብተው ድንጋዩን አወጡ። ሰንጢውን ከፍተው ወረቀት ላይ ሞከሩት። ወረቀቱ ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ተከፈለ። ትናንት አልሳሉትም፤ ከትናንት ወዲያም አልሳሉትም። ሌላ ወረቀት ሞከሩ። ሁለት ሆነ። ድንጋዩን መለሱት። ያ ግማሽ ሰዓት ባዶውን ፊታቸው ተዘረጋ፤ ምን እንደሚያደርጉበት ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡና ሠራተኛው አንድ በአንድ ሲገባ ማየት ጀመሩ። አንዱ ጫማው ተንሻፏል። አንዱ ሲራመድ ትከሻው ይቀድመዋል። ልክ-ነው የሸሚዙን ቁልፍ አሳስቶ ቆልፏል። አሻጊዋ የቀባችው ቀለም፣ አሁን የሚያውቁት ነገር ስለሆነ፣ እሳቸው ከገዙት ያነሰ ነው። ቀድሞ ሰንጢው እስኪሳል ይቆይ የነበረው ንቀት ከዚያ ቀን ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይገባል።

አዲሷ ስትገባ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። እንከን ፈለጉ። ፈለጉ።

«ዘገየሽ» አሏት።

ሥራ ሊጀመር ገና አሥር ደቂቃ ይቀር ነበር።